አለንሽታይንና ሦስቱ ምስክሮቼ

ሰኞ
«ቆይ፣ ይሄ ትምህርት ምን ሥራ ያስገኛል?» ዛሬ ደግሞ የጠየቀኝ የባጃጁ ሾፌር ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ አለንሽታይን መሆኑን ነገርኩት። የድሮዋ የጀርመን ግዛት የፕሩሲያ አውራጃ ናት። በላይዋ ክፍለ ሀገር፣ በሥሯ ወረዳዎች ነበሩ። ከሁለት ጎረቤቶቿ ተቆርሳ ተፈጠረች፣ አርባ ዓመት ኖረች፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጠፋች። ዛሬ አገሩ ፖላንድ ነው፣ የከተማዋም ስም ተቀይሯል።
«አንቺን ታዲያ ምን አገባሽ?» አለኝ። ፈላና በር ስንደርስ ወረድኩ።
የሚያገባኝማ ይሄ ነው፦ አንድ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀብሎኛል። የሚቀረኝ የልደት ምስክር ወረቀት ብቻ ነው። እስከ ዓርብ።

ማክሰኞ
የተወለድኩበት ቀበሌ የለም። ቤቱ አለ፣ ታፔላው የለም። ኤረር በር አካባቢ ወዳለ ቢሮ ላኩኝ። ጸሐፊው አብዲ እኩያዬ ነው።
«የእናንተ ቀበሌ ግማሹ ወደኛ መጣ፣ ግማሹ ወደዚያኛው ሄደ። አንቺ የየትኛው ነሽ?»
«በሁለቱም መዝገብ የለሁም።»
«እንግዲያው አልተወለድሽም» ብሎ ሳቀ። የክርስትና ወረቀቴን አሳየሁት። የኛ ማኅተም የለበትም አለ። እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ ደረጃው ላይ ስደርስ ግን እንባዬ መጣ።
በጽሑፌ ምዕራፍ ሁለት ላይ «አውራጃ ሲፈርስ መጀመሪያ የሚበተነው መዝገቡ ነው» ብያለሁ። አማካሪዬ በቀይ አስምረው «ግሩም» ብለውበታል። ግሩም!

ረቡዕ
ተስፋ! አብዲ ደወለ። መዝገብ ከጠፋ ልደቴን የሚያውቁ፣ ከቤተሰብ ውጪ የሆኑ ሦስት ምስክሮች ከፈረሙ ይበቃል።
ጋሽ ታደሰ፣ የአባቴ ጓደኛ፦ እሺ።
እትዬ ብርቄ፣ እማዬ እኔን ስትወልድ ያረሷት፦ እሺ። ነገ ነው እስክላቸው ድረስ ጫማቸውን አድርገው ነበር።
ሐጂ ዩሱፍ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤት፦ «ኢንሻአላህ።»

ሐሙስ
በአንድ ባጃጅ ተጨናንቀን ሄድን። አብዲ አነበበ፦ «የተወለደችበትን ቀን፣ ወርና ዓመት በእርግጥ አውቃለሁ።» ሁለቱ ፈረሙ። ሐጂ እስክሪብቶውን ይዘው ቀሩ።
«ልጄ፣ መወለድሽን አውቃለሁ። ዝናብ ነበር። ዓመቱን ግን ወላሂ አላውቅም።»
የክርስትና ወረቀቴን ሰጠኋቸው። «እዚህ ላይ አለ እኮ፣ ሐጂ፤ ይዩት።»
«ይሄማ ወረቀቱ ያወቀው ነው። እኔ ያወቅኩት አይደለም።»
ጋሽ ታደሰ ትዕግሥታቸው አለቀ። «እኔስ የት አውቄው? ዝም ብዬ ፈረምኩ እኮ!» አሉ ጮክ ብለው።
አብዲ ሰማ። ይባስ ብሎ አለቃው ሰማ። የጋሽ ታደሰ ፊርማ ተሰረዘ። የቀሩልኝ እትዬ ብርቄ ብቻ።

ዓርብ
ሐጂ ከጁምዓ ሲመለሱ በራችን ላይ ቆሙ። «ተቀየምሽኝ?»
«ኧረ አልተቀየምኩም።» ውሸቴን ነው። የሚያናድደኝ ትክክል መሆናቸው ነው። እኔ ራሴ ያላየውን አየሁ የሚል ምንጭ በጽሑፌ አላስገባም።
ለዩኒቨርሲቲው ጻፍኩ። መልሱ ሁለት መስመር ነው፦ እስከሚቀጥለው ዓርብ ይጠብቁኛል፣ ከዚያ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል። እማዬ ደስ አላት። እኔ አልቻልኩም። ቀን ተጨመረልኝ እንጂ ሰው አልተጨመረልኝም።

እሑድ
ያልጠየቅኩት የሰፈር ሰው የለም። ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ ድሬዳዋ ገብቷል፣ የቀረው «ትንሽ ልጅ ሆነሽ አውቅሻለሁ» ይለኛል። የሰፈራችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የልደት ቀኔን ጽፌ ምስክር ለመንኩ። አሥራ አንድ አውራ ጣት ተላከልኝ። አውራ ጣት አይመሰክርም።
አሁን እንደገና ጻፍኩ፦ «ከላይ በጻፍኩት ቀን ሰሞን ልጅ የወለዳችሁ፣ የዳራችሁ ወይም ሰው የቀበራችሁ፣ ቀኑ ያልጠፋባችሁ ጎረቤቶቼ፤ እኔም ያኔ ነው የተወለድኩት። ሁለት ሰው ይበቃኛል። የምታስታውሱኝ ካላችሁ፣ እባካችሁ መልሱልኝ።»