ከመስኮቱ ሥር ያለው አግዳሚ

ለምሕረት አባት፣

ከተለየኸን ሦስት ዓመት አልፎ አራተኛው ተጋምሷል። እስካለፈው ወር ድረስ ስለ አንተ የማላውቀው ነገር የቀረ አይመስለኝም ነበር። አሁን ግን ያላወቅኩትን ሰምቼ ነው የምጽፍልህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የጓሮው እንሰት ሰፍቷል። የበሩን ማጠፊያ አሠርቼዋለሁ። ግራጫ ኮትህ አሁንም እዚያው ተሰቅሏል። ምሕረት ጃጁራ ከተማ ማስተማር ጀምራለች። የምትኮራባት ልጅ ሆናለች ብዬ ብቻ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ልጃችን ትጠጣለች።

በፋሲካ ዕረፍት መጥታ ቦርሳዋን ላጥብላት ስከፍት የውሃ መያዣዋን አገኘሁ። አሸተትኩት። አረቄ ነው። ያንን ሽታ እንዴት አልለየውም? ስንት ዓመት አብሮን ተኝቷል። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ገብታ አየችኝና «እማ፣ ማቆም አቃተኝ» አለች።

ለማን ልንገር? በቤተ ክርስቲያን የምትዘምር ልጅ ናት። አንተ በታመምክ ጊዜ ጉበትህ መሆኑን እያወቅኩ ለጠያቂው ሁሉ ጨጓራ ነው ስል ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ውሸቱ ከአፌ አልወጣ አለ።

ማንበብ ያለ አስተማሪ ስለተማርኩ የተለጠፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም። «ይቺ ሴት የጨረታ ማስታወቂያም አይቀራት» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ዝናብ የመታው ወረቀት አየሁ። መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ዱራሜ እንደሚሰበሰቡ፣ ቤተሰብም መምጣት እንደሚችል ይላል። እዚሁ ሆሳዕና ቢሆን ኖሮ ሰው ያየናል ብለን አንሄድም ነበር። ዱራሜ ግን ካንተ ጥቂት ዘመዶች በቀር ማን ያውቀናል አልን።

ከአንድ ክሊኒክ ጀርባ ያለች ትንሽ አዳራሽ ናት። አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ አናጢ አለ፣ ጡረታ የወጣ መምህር አለ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት አለች። የሚመሩት ጋሽ ማቴዎስ የሚባሉ የቀድሞ ሾፌር ናቸው። «መኪናዬ ቦይ ገብታ አታውቅም፤ እኔ ግን ያልገባሁበት የዱራሜ ቦይ የለም» ሲሉ ሁሉም ሳቀ። በዚህ ነገርም ይሳቃል እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።

ተራው ምሕረት ጋ ደረሰ። ስሟን ከነአባቷ ተናገረች፤ ከሆሳዕና መምጣታችንንም ነገረቻቸው። ጋሽ ማቴዎስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የላፌቦ ልጅ ነሽ? ግራጫ ኮት የሚለብሰው፣ ረጅሙ?»

ከዚያ ወደ መስኮቱ አመለከቱ። ከመስኮቱ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ አራት ቅዳሜ ተቀምጠህ ታዳምጥ እንደነበር የሰማሁት ያኔ ነው። ግባ ሲሉህ እምቢ ብለሃቸዋል። «ከባለቤቴ ጋር ነው የምገባው። እሷ ካልሰማችኝ ለማን ነው የማወራው?» ብለሃቸዋል። በአምስተኛው ቅዳሜ ይዘኸኝ ትመጣለህ ብለው ሲጠብቁ ቀረህ።

አምስተኛውን ቅዳሜ እኔ አውቀዋለሁ። ጠዋት ጫማዬን ቦርሸህ በሩ ላይ አስቀመጥከው። ጫማ ስትቦርሽልኝ አይቼህ አላውቅም። «ዛሬ ዱራሜ አብረን እንሂድ» አልከኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩህም። ዱራሜ የምትመላለሰው ለመጠጥ መስሎኝ ነበር። እዚያ ካሉት ዘመዶችህ ፊት አቁመህ «ትቷል» እንድል ልታደርገኝ መስሎኝ ነበር። «ከሰካራም ጋር መኪና ውስጥ አልታይም» አልኩህና ጫማውን በእግሬ ገፋሁት። አንተ ጎንበስ ብለህ አነሳኸው፤ መልሰህ ጎን ለጎን አስቀመጥከውና ወጣህ። ሲመሽ ሰክረህ መጣህ። እኔም ልክ ነበርኩ አልኩ።

ከዚያ በፊት በነበሩት አራት ቅዳሜዎች ሳትጠጣ ነበር የምትመለሰው? አላውቅም። ጀርባዬን ሰጥቼህ ነበር፤ አፍህን እንኳ አላሸተትኩም።

ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ምሕረት ትክ ብላ ታየኝ ነበር። «ጠርቶኝ ነበር። አልሄድም ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ተነሥታ ትወጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ቅዳሜ ተመላልሰናል። በዚህ ሳምንት ግን ጃጁራ እያለች ጠጣች። ትናንት ስትመጣ ራሷ ነገረችኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ «እማ፣ እኔ አልሄድም። ምን ፊት ይዤ?» ብላ ብርድ ልብሱን ራሷ ላይ ሳበች።

አልተቆጣሁም። ያንተን ብሩሽ ፈልጌ ጫማዋን ቦረሽኩ። የእኔንም ቦረሽኩ። በሩ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ እሷን እየጠበቅኩ ነው ይህን የምጽፍልህ።

ከእንግዲህ ስለ አንተ ለሚጠይቀኝ ሰው ጨጓራ አልልም። መጠጥ እንደገደለህ እናገራለሁ፤ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥክም እናገራለሁ። እስካለሁ ድረስ አራቱን ቅዳሜ አስታውስልሃለሁ። አምስተኛውንም አልረሳም፤ እሱ የእኔ ነው።

ጓሮ ውሃ ሲፈስ ይሰማኛል። ፊቷን እየታጠበች ነው መሰለኝ። አዎ፣ መጣች። ኮትህን ከተሰቀለበት አውርዳ ለበሰች። አሁን ጎንበስ ብላ ጫማዋን እያሰረች ነው።

ልነሣ። የእኔም እዚያው ነው ያለው።

ባለቤትህ አበበች