ከአልጋዬ ራስጌ ያለው ማጥፊያ

ሐምሌ 8፣ ዓርብ። ጠዋት 1፡15

ዛሬም ዝናብ። ተከራዬ ሐዋ ገና ሳይነጋ የኤሌክትሪክ ምድጃዋን ሰክታለች፤ አምፖሉ ፈዘዝ ሲል ነቃሁባት። ከአልጋዬ ሳልወርድ እጄን ወደ ራስጌ ሰደድ አድርጌ ብሬከሩን ቀጭ! የግቢው መብራት በሙሉ ድርግም። ትንሽ አቆይቼ መለስኩት። ገብቷታል። ደስ እንደሚለኝ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው፣ ማስታወሻዬ?

ማጥፊያው በረንዳ ላይ ሳለማ እኔ ሳጠፋ ተከራዮቼ ሲያበሩ ድብብቆሽ ነበር። አምና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሙሉቀን ወደ መኝታ ቤቴ ሲያዛውረው አጉረመረመብኝ። ዋና ማጥፊያ ሰው ሁሉ ሮጦ የሚደርስበት ቦታ ነው የሚቀመጠው፣ አደጋ ከመጣ ቁልፍ ሲፈለግ ቤት ያልቃል አለ። ቤቱ የማን ነው አልኩት። እንዳልኩት ሠራ።

አሁን ልወጣ ስል ሐዋ በር ላይ ያዘችኝ። የስፌት መኪናዋ የተሰካበት ሶኬት ይንጣጣል፣ ጣሪያውም በዚያው በኩል ያንጠባጥባል። ምድጃሽን ስትተዪ ይተዋል ብያት ሄድኩ። ነገ ባምባሲ ለቅሶ አለብኝ፤ ስመለስ አያለሁ።

ሐምሌ 9፣ ቅዳሜ። ከሰዓት 11፡00

አሁን ከባምባሲ ገባሁ። በአጭሩ።

ለቅሶው ቤት ተቀምጫለሁ። የመኝታ ቤቴ ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ስልክ። የጓሮው ተከራዬ መ/ር ገመቹ ነው፤ የወለጋ ልጅ፣ ጮክ ብሎ ሲናገር ሰምቼው የማላውቅ ሰው። ይጮሃል። የሐዋ ቤት እየነደደ ነው፣ መብራቱን ለማጥፋት በርዎን ልስበረው ወይ ይለኛል።

እኔ ምን አልኩ? «የትኛውን በር? አዲሱን?» አልኩ። ደግሞም ቆይ፣ መጀመሪያ ሌላ ዘዴ ፈልግ አልኩት። ቤት እየነደደ!

ውሃው ሶኬቱ ውስጥ ገብቶ ነው። ከዚያ እሳቱ ወደ ጨርቁ። ጎረቤቱ ጄሪካን ጄሪካኑን ይዞ ደርሷል፤ ገመቹ ግን መብራቱ ሳይጠፋ ውሃ እንዳትደፉ፣ ሰው ይሞታል ብሎ አገዳቸው። እውነቱን ነው። እና ሰው ሁሉ ውሃ ይዞ ቆሞ እሳት ያያል። ሐዋ አላስቻላትም። የሰው ልብስ ነው ብላ ገብታ የሚነደውን በእጇ ጎትታ አወጣች። በቀኝ እጇ። ገመቹ በሬን ሰብሮ ብሬከሩን እስኪያጠፋ ያለቀው አልቋል።

የምትሰፋበት እጅ ነው።

ሐምሌ 10፣ እሑድ

ቤ/ክ አልሄድኩም። ምን ብዬ እቆማለሁ?

ሆስፒታል ሄድኩ። እጇ እስከ ክንዷ ተጠቅልሏል። ጣቶቿ መታዘዝ አለመታዘዛቸው ቁስሉ ሲደርቅ ነው የሚታወቀው ተባለ። ገና ስታየኝ ልትነሳ ሞከረች። «እትዬ አስካለ፣ ማሌሽ፣ ይቅር በለኝ ወላሂ። በርህ ሰበርን። ቤትህ ጠቆረ። ልብህ አይከፋ።» በርታኛ ነው አፍ የፈታችበት፤ አንተ ስትለኝ ሁልጊዜ እስቅባት ነበር። ዛሬ ሳቅ ከየት ይምጣ?

ምንም አይደል አልኳት። እኔ! ለእሷ!

ሰፈሩ ምድጃዋን ይረግማል። ምድጃው በዚያ ሰዓት አልተሰካም ነበር፤ ገመቹ ነግሮኛል። ቡና ቤቱ በር ላይ ሴቶቹ ሲያወሩ ሰማሁ፣ እንደተስማማ ሰው ራሴን ነቅንቄ አለፍኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሐምሌ 12፣ ማክሰኞ። ጠዋት

አናጺ መጥቶ በሬን ጠገነ። መኝታ ቤቴ እንደገና ይቆለፋል። ማን ቆልፊው አለኝ?

የስፌት መኪናዋ ድምፅ የለም። ያ ኩርርር የሚለው ነገር ራሴን በጠበጠኝ ብዬ ስንቴ ተነጫንጬ ነበር። አሁን ዝናቡ ብቻ ነው የሚሰማኝ።

አባቴ በሰፈራ ከወሎ ሲመጣ የምንጠለልበት ክፍል የሰጡን የዚህ አገር ሰዎች፣ በርታዎች ናቸው። ልጁ ደግሞ ክፍል ሠርታ፣ ለልጆቻቸው አከራይታ፣ ተጋድማ ታጨልምባቸዋለች። መፈራት መፈለጌ ነው መሰለኝ እንዲህ ያደረገኝ። አፈርኩ።

ሐምሌ 14፣ ሐሙስ። ከሰዓት 10፡30

አሁን ወጡ።

የሐዋ ባል ኢብራሂም የሸርቆሌ ሚኒባስ ሹፌር ነው። ሽማግሌ ይዞ መጣ። ወደ እኔ! ባለሱቁ ሐጂ ፊት፣ ሌሎቹ ኋላ፣ ገመቹም አብሮ። በረንዳዬ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ብቻዋን የምትኖር ሴት መኝታ ቤት ሰብሮ መግባት ነውር ነው፣ ቸግሮን ነውና ይቅር ይባልልን አሉ። ኢብራሂም አንገቱን ደፍቷል። ሚስቱ ተቃጥላ እሱ ይቅርታ ይለምናል።

ገመቹን አየሁት። አሁን ያወጣዋል፣ በስልክ ያልኩትን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። መሬት መሬት ያያል።

ይቅር ብያለሁ አልኩ። ከአፌ ወጣ። ሐጂው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ፤ ለደግነቴ። አሜን አልኩ። ምላሴን በቆረጠው!

ሐምሌ 15፣ ዓርብ

ሙሉቀንን ጠራሁት። አላልኩሽም ወይ እንዲለኝ ፈልጌ ነበር፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። የት ላድርገው ብቻ አለ። በረንዳ ላይ፣ ከሐዋ በር አጠገብ፣ ዝናብ ከማይመታው ጥግ አልኩት። ሶኬቷንም ቀየረው፤ ጣሪያውንም አስደፈንኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔን ነው።

ሠርቶ ሲጨርስ ተከራዮቹን ጠርቼ አሳየኋቸው። አመሰገኑኝ። እንደገና ምስጋና! ራስጌዬ ላይ የቀረውን ቀዳዳ ሳይ ዋልኩ።

ሐምሌ 16፣ ቅዳሜ። ከሰዓት 9፡00

ሐዋ ከሆስፒታል ወጣች። በግራ እጇ በር ለመክፈት ስትታገል በመስኮት አየኋት። ልረዳት ብድግ አልኩ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ገመቹን ጠየቅኩት። ለምን አልተናገርክም አልኩት። «እርስዎ ራስዎ ይናገሩታል ብዬ ነው» አለኝ።

ሐጂው ሱቅ ሄድኩ። ሽማግሌ ይሁኑኝ አልኳቸው። የበሩ ነገር አልበረደላትም ብለው ደነገጡ። የለም፣ ከእኔ ወደ እሷ ነው አልኩ። አከራይ ወደ ተከራይዋ ሽማግሌ ስትልክ አልገጠመኝም፣ ምን አድርገሽ ነው አሉኝ። እዚያው፣ ሰው እየሰማ፣ ነገርኳቸው። ነገ ከሰዓት ይመጣሉ።

ጫማዬን ሐዋ በር ላይ አውልቄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ። ሶኬቱን ነግራኝ እንደሄድኩ፣ ቁልፉን ይዤ እንደሄድኩ፣ «የትኛውን በር» እንዳልኩ፣ ሁሉንም በራሴ አፍ እነግራታለሁ። ብትሰድበኝ እችላለሁ። ኢብራሂም ቢጮህብኝም እችላለሁ። የፈራሁት ሌላ ነው፤ በዚያ በተጠቀለለ እጇ ልታነሳኝ ጎንበስ ብላ፣ ምንም አይደል እንዳትለኝ።