ዳኛው መታጠቢያ ቤት የከረመበት ምክንያት

ይድረስ ለቀድሞዋ ባለቤቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለው ወይስ የአዲሱ ቤት ደረጃ በዛበት? እኔ ደህና ነኝ፤ ባልሆንም የሚታዘበኝ ስለሌለ እንደ ደህና ቁጠሪኝ።

የምጽፍልሽ ልናዘዝ ነው። በስልክ ድምፅሽን ስሰማ እውነት ከአፌ አልወጣ ይለኛል።

አንቺ የሄድሽ ሰሞን ዳኛው ጥግ ይዞ አኮረፈ። ስሙን ያወጣሽለት አንቺ ነሽ፤ ያ ቢጫ ዓሣ በመስታወቱ ውስጥ ሆኖ ሲያየኝ ዕድሜ ልክ ሊፈርድብኝ ይመስል ነበርና። ብቸኝነት ነው ብዬ ጓደኛ ልገዛለት ሄድኩ። ዓሣ ሻጩ፣ «ወንድሜ፣ አዲሱን አንድ ወር ለብቻው አቆየው፣ በሽታ ይዞ እንዳይገባ» ብሎ ለመነኝ። አንድ ብቸኛ ዓሣና አንድ ብቸኛ ሰው ባሉበት ቤት ሦስተኛ ብቸኛ ልጨምር እንዴ አልኩትና በዚያው ቀን ከዳኛው ጋር ቀላቀልኩት።

እንግዳው በአራተኛው ቀን ሞተ። በሳምንቱ ዳኛው ክንፉ ላይ ነጫጭ ነጥብ ወጥቶበት ጨው የተነሰነሰበት መሰለ። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ከድንጋዩ ጋር ይፋተጋል።

ያን ቀን ደወልኩልሽ። ከስንት ጊዜ በኋላ፣ አንተ እንከፍ ብለሽ ጀመርሽ፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ባዘዝሽኝ መሠረት ዳኛውን በላስቲክ ገንዳ መታጠቢያ ቤት አስገባሁት፤ ተውሳኩን የሚገድለውን የመዳብ መድኃኒትም ለክቼ ውኃው ውስጥ ጨመርኩ። ትልቁ ገንዳ፣ ተውሳኩ የሚጣበቅበት ዓሣ አጥቶ እንዲያልቅ፣ አሥር ሳምንት ባዶውን እንዲቆይ ተፈረደበት። ከሥራ ስትወጪ ትደውያለሽ፦ በላ? መዳቡ ስንት ላይ ነው? ነጥቡ ጠፋ ብለህ ዳነ እንዳትል! ሠላሳ ቀን ሲሞላው መጥቼ ወደ እኔ ቤት እወስደዋለሁ።

በሠላሳኛው ቀን ዳኛው ድኖ ነበር። ምግብ ከጣቴ ይነጥቅ ነበር። አንቺ ስትደውዪ ግን፣ ጅራቱ ላይ ሁለት ነጥብ አየሁ አልኩሽ። በማግስቱ ሦስት አደረግኳቸው። የመዳቡን መጠን የሚያሳየውን የመለኪያውን ቀለም ፎቶ አንስተህ ላክ አልሽ። ፎቶ እንደኔ አይዋሽም፤ ስለዚህ መዳቡን የምር እዚያው ላይ አቆየሁት፤ ተጨማሪ ሃያ ስምንት ቀን። ስለ ዓሣው ጀምረን ስለ እናትሽ፣ ስለዚያ ነጭናጫ አለቃሽ፣ አንድ ቀንማ ስለ ሸሚዜ ኮሌታ አወራን። አንዴ ሳቅሽ። ስልኩን ዘግቼም ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ዳኛው መብላት ተወ። ይኼን ሳልዋሽ ነገርኩሽ፤ መድኃኒቱ ጎድቶት ይሆናል፣ አሁኑኑ ውኃውን ቀይር ብለሽ ጮኽሽ። ቀየርኩ። ደግሜ ቀየርኩ። ገንዳው አጠገብ ተንበርክኬ፣ አይዞህ ክቡር ዳኛ፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ አልኩት።

ትናንት እንዴት ነው ስትዪኝ፣ በላ አልኩሽ፤ ጠዋት ግን ሞቶ ነበር ያገኘሁት። እፎይ አልሽ። በቃ ቅዳሜ እወስደዋለሁ አልሽ።

ፈጣሪ ወገብሽን ያጽናልሽ፤ ደረጃውንም ያሳጥርልሽ። በአዲሱ ቤትሽ የሚዋሽሽ ሰው አይግባ።

ቅዳሜ ባልዲ ይዘሽ አትልፊ። ባዶ እጅሽን የምትመጪ ከሆነ ግን እኔ ቤት ነኝ።

የቀድሞ ባልሽ