ጽዋው እኔ ዘንድ የቆየባቸው ወራት

መጋቢት 29 ቀን 2012

ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ የሺ፣ ለአጎቴ ለአቶ አዲስዓለም፣ ለእህቴ ለሠርኬ፣ ስሙን ገና ላልሰማሁት ለሠርኬ ልጅ። እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁና ከአፍ መሸፈኛው ሙቀት በቀር ደህና ነኝ...

ደብዳቤ ጀምሬ ነበር። ማን ያደርሰዋል? በኮሮና ምክንያት ወደ ሞጣ የሚሄድ መኪና የለም። ሰላምታው እዚሁ ደብተሬ ላይ ይቆይ።

እንደ ወትሮው የአሠሪዬን የእትዬ ሀፍሷን የጨርቅ ጣቃ ከመጋዘን ወደ ሱቅ ስሸከም ዋልኩ። የሚያስጨንቀኝ የከነገ ወዲያው ነው። የራጉኤል ጽዋ ማኅበር ተራው የእኔ ነው። ባለፈው ወር ጽዋውን ከነመሸፈኛው ስረከብ «በሰላም አስረክባለሁ» ብያለሁ። ጠላውን አስጠምቄአለሁ። አሥራ ሁለት ሰው ቤታችን ይበቃው ይሆን?

ሚያዝያ 1

ማኅበሩ ቀረ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏል። የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን ጋሼ ሀብተ ወልድ፣ ደወሉ። «ጽዋው አንተው ዘንድ ይቆይ። አደራ።» እሺ አልኩ።

ያ ሁሉ ጠላስ?

«እኛ ስንት ነን?» አለ ይስሐቅ። በዚህች ቤት የምናድረው ይስሐቅ፣ ብሩክ፣ አሸብርና እኔ ነን። «አራት! ሕጉም አልተጣሰ፣ ራጉኤልም አልተቀየመ። ቅዳ!»

ቀዳሁ። በጽዋው አይደለም፣ በጣሳ።

ሚያዝያ 5

አቦ ነው አሉ። ጠላው አለቀ።

ሚያዝያ 14

ሥራ በሳምንት ሁለት ቀን ሆነ። ግሮሰሪው ተዘግቷል፤ አረቄ ግን በጓሮ በር ይገኛል። ኮሮናን ይገድላል ተብሏል። ማን አለ? ሁሉም።

ይስሐቅ ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ ያነብልናል። «ዛሬ አቡነ አረጋዊ! ነገ ቂርቆስ! ከነገ ወዲያ ኪዳነ ምሕረት!» ቅዱስ የሌለው ቀን የለም። ስለዚህ አረቄ የሌለው ቀንም የለም። እኔ እኮ በወር አንድ ጊዜ የምቀምስ ሰው ነበርኩ...

ግንቦት 8

እትዬ ሀፍሷ ሱቁ ደጃፍ ላይ አስቆሙኝ። «ማስኩ አፍህን ሸፈነ እንጂ ሽታውን መች ሸፈነ? በረመዳን ጾሜን ልታስፈታኝ ነው?»

«የአባ ኪሮስ ዝክር ነበር፣ እትዬ።»

«ትናንትስ?»

«ሥላሴ።»

«ኧረ ወዲያ! ቅዱሳኑ ሁሉ አንተ ቤት ነው እንዴ የሚያድሩት?»

የጨርቅ ተራው በሙሉ ሳቀ። ጣቃውን ሳነሳ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አይተው ይሆን?

ሰኔ 12

ከሥራ ስገባ ብሩክ በጽዋው አረቄ ይጠጣል። መሸፈኛው መሬት ላይ ወድቋል። ቀማሁት።

«ብርጭቆው ተሰበረ፣ ምን እናድርግ?» አለ ብሩክ።

ይስሐቅ ሳቀብኝ። «ወይ ባሕታዊው! ትናንት መጀመሪያ የጠጣህበት አንተ አይደለህ?»

አላስታውስም። ጽዋውን ከመሸፈኛው ያወጣሁት እኔ ነኝ አሉ። አላስታውስም...

ሰኔ 13

አጥቤ፣ ጠቅልዬ፣ ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩት። ከዛሬ ጀምሮ አልጠጣም አልኳቸው።

«በማን ምክንያት?» አለ አሸብር።

በማንም። ለመጠጣት ቅዱስ ስንፈልግ ከረምን፤ ለመተው ግን እኔ እበቃለሁ።

ሰኔ 15

ላብ። እንቅልፍ የለም። በሽታው ይዞኝ ይሆን? አራት ዓመት የተማርኩት ጽሕፈት የሸረሪት ድር መሰለ። አልጠጣም።

ሐምሌ 19

ገብርኤል። ይስሐቅ ብርጭቆውን አፍንጫዬ ሥር አመጣው። «ሽታው ብቻ፣ አባቴ!» ወጥቼ እስከ መሳለሚያ ሄድኩ። መንገድ ላይ ግን ተናደድኩ። የምሸሸው እኔ ነኝ እንዴ? ኪራዩን የምከፍለው እኔም አይደለሁ? ተመለስኩ። መካከላቸው ተቀምጬ ቆሎዬን ቆረጠምኩ። ቢስቁም ቆረጠምኩ።

መስከረም 1 ቀን 2013

ክልከላው ተነሣ፤ ማኅበሩ እኔ ዘንድ ተሰበሰበ። ተራርቀን፣ ሁሉም የየራሱን ጣሳ ይዞ። ጸሎቱ ሲያበቃ ጋሼ ሀብተ ወልድ «አስረክብ» አሉኝ።

ቆምኩ። «በሰላም አላስረክብም፣ ጋሼ። አረቄ ተጠጥቶበታል። መጀመሪያ የጠጣሁበትም እኔ ነኝ።»

ይስሐቅ በሩ አጠገብ አንገቱን ደፋ።

«ማን ጠየቀህ?» አሉ ጋሼ።

«ማንም።»

«ከማኅበሩ ይውጣ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«አልወጣም!» ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። «ቅጡኝ። መውጣት ግን አልወጣም።»

ጋሼ ጽዋውን አገላብጠው አዩት። «ይሄን ቄሱ ጸበል ይረጩበታል። አንተ ግን ዓመቱን ሙሉ አሳላፊያችን ነህ። ለሁላችን ጠላ፣ ለራስህ ውሃ። ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

ማንቆርቆሪያውን አነሣሁ። አሥራ አንድ ጣሳ እስከ አፉ ሞላሁ። የአሥራ አንዱም ሰው ዓይን እጄ ላይ ነበር። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

ነገ ወደ ሞጣ የሚሄድ መኪና አለ። የመጋቢቱን ሰላምታ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። ከሥሩ ይህን ጨመርኩ፦ «እኔ አሁን በእውነት ደህና ነኝ። የሠርኬን ልጅ ማን አላችሁት? ሾፌሩ ማክሰኞ ይመለሳል፤ መልሱን በእርሱ እጅ ላኩልኝ።»