ሐሳቡን ከቤቱ ጨርሶ የሚመጣ ሕፃን

ለተከበሩ የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እያልኩ፣ ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ባለፈው ሳምንት የራሰው ጫማዎ በደህና እንዲሰነብቱልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የልጅ ልጄን ጠዋት አድርሼ ከሰዓት የምወስድ፣ ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ። በሩ ላይ የለጠፉትን ማስታወቂያ መነጽሬን ወልውዬ አነበብኩት። ልጆቹ ከጨዋታ በኋላ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው፣ ስለሠሩት ነገር አብረው የሚያስቡበት ሰዓት «አንዱ የሌላውን ሐሳብ የሚወስድበት ኩረጃ» በመሆኑ መሰረዙን፣ ከእንግዲህም እያንዳንዱ ሕፃን ሐሳቡን ከቤቱ ጨርሶ እንዲመጣ መታዘዙን ተረዳሁ። ለዚህ አርቆ አሳቢነትዎ ምስጋናዬን ላቅርብ፣ እግረ መንገዴንም ቅሬታዬን ጣል ላድርግ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

፩ኛ፦ መምህርቷ ምንጣፉ ላይ አንድ ደንብ ነበራት። መናገር የፈለገ ልጅ መጀመሪያ ጓደኛው ያለውን ይደግማል፤ ከዚያ «እሱ ባለው ላይ ልጨምር» ብሎ የራሱን ይቀጥላል። እርስዎ ይህን በኩረጃ ስለያዙት አመሰግናለሁ፤ የአራት ዓመት ሌባ በጊዜ ካልተያዘ የት እንደሚደርስ ማን ያውቃል።

፪ኛ፦ የክፍላቸውን ወለል የሚያረጥበውን ውሃ በተመለከተ፣ እርስዎ ከጣሪያ ነው ብለው ቆርቆሮውን አስቀይረዋል። ወሩ ጠብታ ዝናብ የሌለበት መሆኑ ውሳኔዎን አለማናወጡን አደንቃለሁ። ልጆቹ ግን በእንጨት መጫወቻቸው ግድብ ሠሩ፤ ሲፈርስባቸው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። አንዱ፣ ውሃው እኛ ጋ ሊጫወት ነው የሚመጣው አለ። ሌላዋ፣ ሊጫወት ከመጣ እንግዲህ ቤት አለው ብላ ጨመረች። የልጅ ልጄ ደግሞ ቤት ካለው እንሸኘው አለች። አንዱ የሌላውን ልብስ ይዞ የውሃውን መንገድ ወደ ኋላ ተከተሉ፤ ቤቱም ከቢሮዎ ጀርባ፣ እርስዎ ራስዎ በሚያጠጡት የአበባ መደብ ውስጥ ክፍቱን የተረሳ የውሃ ጎማ ሆኖ ተገኘ። ጫማዎ የራሰው እነሱን ሊያባርሩ ሲሮጡ መሆኑን ሰምቼ አዝኛለሁ። ማስታወቂያው በማግስቱ መለጠፉ መቼም አጋጣሚ ነው።

፫ኛ፦ ወንበሮቹ አሁን በረድፍ ተደርድረዋል። እኔም ዕድሜ ልኬን ሰው በረድፍ አስቀምጬ አመላልሻለሁ። ሁሉም የፊተኛውን ማጅራት እያየ ተጉዞ፣ ሲደርስ ይወርዳል። ሰውን በሰላም አድርሻለሁ፤ ሐሳብ ሲወለድ ግን አላየሁም።

፬ኛውን ሳልቀልድ ልጻፈው። የልጅ ልጄ እናቷ ለሥራ ርቃ ከሄደች ወዲህ፣ ከቤት ውጭ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም ነበር። «እንሸኘው» ያለችው የመጀመሪያዋ ነው። መምህርቷ ይህን ስትነግረኝ በርዎ ላይ ቆሜ አልቅሻለሁ። ወንበሮቹ ከተደረደሩ ወዲህ እንደገና ዝም ብላለች፤ እኔም ተናድጃለሁ። ምንጣፉን ይመልሱልን።

ሐሳብን ከማንም ሳይቀበሉ፣ ለማንም ሳያካፍሉ፣ ከቤት እንዳመጡት ወደ ቤት በመመለስ ለሁላችንም አርአያ ለሆኑት ለእርስዎ ወሰን የሌለው አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ ሁልጊዜም ከበርዎ የማልጠፋው፣

የዝምተኛዋ ልጅ አያት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የክፍላቸው ሞግዚት እንደነገረችኝ፣ ልጆቹ እጅ ሊታጠቡ በተሰለፉበት ሰልፉ ቧንቧውን ዞሮ ክብ ሆኗል። የተወያዩትም ስለ እርስዎ ነው። አንዱ ይቆጣል አለ፤ ሌላው የሚቆጣው አብሮት የሚያስብ ሰው ስለሌለው ነው ብሎ ጨመረ፤ የልጅ ልጄም በሹክሹክታ፣ ምንጣፉ ሲመለስ አጠገቤ ይቀመጥ ብላለች። ቦታው ተይዞልዎታል። ሲመጡ ግን ደንቡን አይርሱ፤ የራስዎን ከመናገርዎ በፊት፣ ጎማውን ማን ክፍቱን እንደተወው እነሱ ያሉትን ይደግማሉ።