ስማችን የሌለበት የካርድ ክፍል ሠንጠረዥ

ክቡር የሆስፒታላችን የመረጃ ክፍል ኃላፊ ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ዓይንዎ ሳይደክም፣ ኮምፒውተርዎ ሳይግል ከነሙሉ ክብርዎ እንዲያቆይልን የዘወትር ምኞቴ ነው።

እኔ ምድር ቤት ካርድ ክፍል የበሽተኞችን ካርድ ሳወጣና ስመልስ አሥራ አንድ ዓመት የሞላኝ ሠራተኛ ነኝ። በክፍሉ የነበርነው ሁለት ነን፤ እኔና ረጅሟ። የላዩን መደርደሪያ እሷ፣ የታቹን እኔ ስንል እህትማማች ሆነን ነበር። ታዲያ በቅርቡ ምሳዋን ራጅ ክፍል ካለችው ሳቂታ ጋር መብላት ጀመረች። እኔ ቅናተኛ አይደለሁም፤ የሳቂታዋን ጥርስ የቆጠርኩትም ዓይኔ ስላረፈበት ብቻ ነው።

የእርስዎ መጠይቅ የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። «ስም ስለማይጻፍ በነፃነት ይሙሉ» ይላል። «ባልደረባዎ ቢቀየር ይወዳሉ?» ለሚለው፣ አንጀቴ እንደጨሰ «አዎ» ላይ ምልክት አደረግሁ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ቃልዎን አክብረው ስማችንን ስላጠፉልን። ውጤቱን ግን በየክፍሉ ለይተው ሰሌዳ ላይ ለጠፉት፦ «ካርድ ክፍል፤ የሞሉ ሁለት፤ ይቀየርልኝ ያሉ አንድ።» ረጅሟ የራሷን መልስ ታውቃለች። የቀረችው ማን ትሆን? ይህን ለመፍታት እንኳን መሐንዲስ፣ ዘበኛንም አላቃተውም።

ሁለተኛ፣ አቤት ብዬ ስመጣ «ስምሽ የታለ?» ብለው ስላስተማሩኝ። የሠንጠረዥ ምስጢር የሚለካው በጠፋው ስም ሳይሆን፣ ግማሹን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ሲያነበው ምን ያህል ይደርስበታል በሚለው መሆኑን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ከላቦራቶሪና ከፋርማሲ ጋር ደምረው ቢለጥፉን እኮ በሃያ ሰው መሐል ተሸሽጌ በቀረሁ!

ሦስተኛ፣ ረጅሟ ከሰሌዳው ተመልሳ «እኔኮ እቴ፣ አይቀየርብኝ ነው ያልኩት» አለችኝ። በሳምንቱ ወደ ራጅ ክፍል ተዛወረች። አሁን የሁለቱ ሳቅ በደረጃው እየተንከባለለ ይወርዳል፤ እኔ በርጩማ ላይ ቆሜ የላዩን መደርደሪያ እንጠራራለሁ፤ አልደርስበትም።

ምልክቱን ያደረገችው እጄ ናት፤ አልክድም። ቁጣዬ ግን ሲበርድ ራሴ ነግሬ ይቅርታ ልጠይቃት እችል ነበር፤ እርስዎ ቀደሙኝ።

ጥበብዎን ያብዛልን እያልኩ፣ በርጩማው ላይ እንዳለሁ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የቀድሞዋ የረጅሟ ባልደረባ
ከካርድ ክፍል

ልዘነጋው የነበረ፦ በዚያው ሰሌዳ ላይ «የመረጃ ክፍል፤ የሞሉ ሦስት፤ ኃላፊያችን ሥራውን ያውቃል ያሉ አንድ» ይላል። ክቡርነትዎም መጠይቁን ከሁለቱ ረዳቶችዎ ጋር እንደሞሉ በስብሰባ ነግረውናል። አይጨነቁ፤ ስም አልተጻፈም።