ስለ ደረጃው እሳትና ስለ ወይዘሮ ተሻለች ካውያ

ለተከበሩ አቶ ወንድሙ፣
የጋራ መኖሪያ ሕንፃችን ነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ፣
ቀራንዮ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤና እንዲያገኝልኝ፣ የደም ግፊትዎም ከንባቡ በኋላ ባለበት እንዲቆይልኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ የምኖረው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ያስተማርኩት የኔሰው ሀብተሥላሴ ነኝ። ባለፈው ወር ደረጃችን ሥር የተነሳውን እሳት «በጀግንነት በማጥፋቴ» ከእርስዎ እጅ የምስክር ወረቀት የተቀበልኩት፣ ነዋሪው ቆሞ ያጨበጨበልኝ ሰው ማለት ነው። ምስጋናዬን እስከ ዛሬ በማዘግየቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በዝርዝር አቀርባለሁ።

፩. ኮሚቴዎ የእሳቱን መንስኤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ አጣርቶ ስለደረሰበት አመሰግናለሁ። በቃለ ጉባኤው እንደሰፈረው፣ ጥፋተኛው ምድር ቤት ተከራይተው የነዋሪውን ልብስ በመተኮስ የሚተዳደሩት የወይዘሮ ተሻለች ካውያ ነው፤ የተቃጠለችው የኤሌክትሪክ ብስክሌቴም «የአደጋው ሰለባ» ተብላ ተመዝግባለች። ክቡር ሆይ፣ ግማሹ እውነት ነው። ጥፋቱ በእርግጥ የካውያ ነበር፤ የማን ካውያ እንደሆነ ብቻ ነው የሳታችሁት። ሽቦ ለማያያዝ እርሳስ የማቀልጥበት የእኔ ካውያ ነው።

ጉልበቴ ዳገት እምቢ ካለኝ ወዲህ የምመላለስባት የዚያች ብስክሌት ባትሪ ደክሞ ነበር። ጦር ኃይሎች አጠገብ ባትሪ የሚጠግነው የቀድሞ ተማሪዬ ገሜዳ ፈትቶ አየውና፣ ውስጡ የተደረደሩት ሴሎች በሙሉ መለወጥ እንዳለባቸው ነገረኝ። «መምህር፣ ሁሉም አንድ ዓይነትና አንድ ዕድሜ መሆን አለባቸው። ዳገት ሲወጡ የሚስበውን ኃይል የሚችል ሴል እፈልግልዎታለሁ፤ አንድ በአንድ ለክቼ ነው የምገጥመው። ሦስት ሳምንት ይታገሡኝ» አለኝ። እኔን ያንገበገበኝ ሦስቱ ሳምንት አልነበረም፤ ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁሜ ያስተማርኩት ሰው መልሶ ሲያስተምረኝ መስማቱ ነው። «ተወው፣ ራሴ እሠራዋለሁ» ብዬ ባትሪዬን አንስቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ስሙን ከማላነሳው ሱቅ ሴሎች ገዛሁ። ላያቸው ላይ የተጻፈው አቅም፣ ያን የሚያህል ሴል ሊይዝ ከሚችለው ሦስት እጥፍ ነበር፤ ፈተና ላይ ባወጣው «ሐሰት» ብሎ የማይመልስ ተማሪ አይኖርም። በእጄ ሳነሳቸው ቀለሉኝ። ቤት ገብቼ የአንዱን ሰማያዊ ልባስ ብልጠው፣ ከሥሩ የተጫጫረ አሮጌ ልባስ ነበር፤ ያገለገለ ሴል አዲስ ልባስ አልብሰው ሸጠውልኛል። አየሁ፤ አላየሁም አልልም። መልሼ ሸፈንኩት። ዘጠኝ ቢጎድለኝ ደግሞ ከአሮጌው ባትሪ «ገና ነፍስ አላቸው» ያልኳቸውን ቀላቀልኩ፤ ሙቀት ሴል እንደሚጎዳ እያወቅሁም በካውያዬ አጣብቄ ጨረስኳቸው። ለገሜዳ ወስጄ ላሳየው ቸኩዬ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረጃው ሥር፣ ከወይዘሮ ተሻለች በር አጠገብ ካለው ሶኬት ላይ ቻርጅ ሰክቼ ወደ ቤቴ ወጣሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደረጃው በጭስ ተሞላ። ግቢ ውስጥ ከተከመረው አሸዋ በባልዲ እያመላለስኩ መድፋቴ እውነት ነው። ያን ጊዜ ግን አንደኛ ፎቅ ያሉትን አስም የያዛቸውን አዛውንት፣ አቶ ቢቂላን፣ በጀርባቸው አዝለው ያወጡት ወይዘሮ ተሻለች ነበሩ። ይህ በቃለ ጉባኤው የለም። ወረቀት አንሷችሁ ይሆናል።

፪. ምንም ስላልጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ። በስብሰባው እለት እርስዎ «መምህር የኤሌክትሪክ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ባሉበት በኩል ጥፋት አይፈለግም» ሲሉ፣ ወይዘሮ ተሻለች ከኋላ ወንበር አዩኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ብድግ ብዬ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ የምስክር ወረቀቱን ተቀበልኩ። እጅ መንሳቴንም አልረሳሁም።

፫. «ለነዋሪው ደኅንነት ሲባል» በሦስት ቀን ውስጥ ቤቱን እንዲለቁ ለአከራያቸው ስለጻፋችሁት ደብዳቤ አመሰግናለሁ። አንድም የፊደል ስህተት አላገኘሁበትም።

ባለፈው ሐሙስ ቤቴል ድረስ በእግሬ ሄጄ አገኘኋቸው። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰው ሸሚዝ ይተኩሳሉ። በሩ ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። አላለቀሱም፣ አልተሳደቡም። «ያን ቀን ካውያዬ ጭራሽ አልተሰካም ነበር። ይህን ለሰባት ሰው ነግሬያለሁ፤ ሰባተኛው እርስዎ ነበሩ። ‹እግዜር ያውቃል› ብለውኝ ደረጃውን ወጡ» አሉኝ። ረስቼው ነበር ለማለት አፌን ከፈትኩ። አልረሳሁትም ነበር። ይመለሱ እንደሆነ ስጠይቃቸው «እኔስ አልመለስም። ስሜ ይመለስልኝ» ብለው ወደ ሸሚዛቸው ዞሩ።

ስለዚህ የምስክር ወረቀቱን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የፊታችን እሑድ በሚደረገው ስብሰባ ይህን ደብዳቤ ቆሜ አነባለሁ፤ ቃለ ጉባኤው እንዲታረምና የአቶ ቢቂላን ሕይወት ማን እንዳተረፈ እንዲጻፍበትም እጠይቃለሁ። የጠቆረውን ግድግዳ በገዛ እጄ ፍቄ እቀባለሁ። ኮሚቴው እኔን ለማስወጣት የሚጽፈው ቃል ቢቸግረው ያለፈውን ደብዳቤ ቅጂ ያውጣ፤ ከስሙ በቀር የሚለወጥ የለውም። በዚህኛው ላይ ግን እውነት ይሆናል።

እርስዎ ያከበሩኝን ያህል ራሱን ማክበር ያቃተው፣ ለኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለራሱም ለኮሚቴውም ትንሽ ሐፍረትን የሚመኝ፣

የኔሰው ሀብተሥላሴ
ሦስተኛ ፎቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከማሸጌ በፊት ለኮሚቴው ጸሐፊ ለወይዘሪት ራዕይ አሳይቼ ነበር። አንብበው ሲጨርሱ «መምህር፣ በዚህ ዕድሜዎ ራስዎን አያዋርዱ» ብለው በቅንነት መከሩኝ። ወይዘሮ ተሻለች ፍራሻቸውን ተሸክመው ከግቢው ሲወጡ ግን ስለ መዋረድ ያነሳ አንድም ሰው አልሰማሁም። መስኮቴ ክፍት ነበር፤ ቢነሳ እሰማ ነበር።